ዜማና ሲኒማ

አንድ ማታ ገሳይ ላይ ከፊደል ትምህርት በኋላ አንድ አባት፣ «ማሲንቆ የሥራ ፈት ነገር ነው፤ ምን ይጠቅማል?» ሲሉ ጠየቁን። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኛ ግን ጥያቄውን ይዘን አደርን፤ መልሱንም ጻፍንላችሁ።

ሲኒማ በሚንቀሳቀስ ሥዕልና በድምፅ የሚነገር ታሪክ ነው። ሥራውን የሚመራው ሰው አዘጋጅ ይባላል። ገበሬ ለየማሳው የሚስማማውን ዘር እንደሚመርጥ፣ አዘጋጅም ለየቦታው የሚስማማውን ዜማ ይመርጣል።

ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ አዘጋጅ በ1997 ዓ.ም. «የተሰበሩ አበቦች» የሚል ስም ያለው ፊልም አወጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ብቸኛ ሰው፣ ሳያውቀው የወለደው ልጅ እንዳለ የሚነግር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው የላኪ ስም የለበትም። ጎረቤቱ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው። የቀድሞ ወዳጆቹን ዞሮ እንዲፈልግ ይመክረዋል፤ ለመንገዱም የአገራችንን ሙዚቃ ይሰጠዋል።

ሰውየው መኪና ሲነዳ ያ ሙዚቃ ይሰማል። እሱ ዝምተኛ ነው፤ የሆዱን አያወጣም። የሆዱን የሚያወጣለት ዜማው ነው። ከዜማዎቹ አንዱ «የግሌ ትዝታ» ይባላል፤ ቃል የለበትም፣ በመሣሪያ ብቻ ነው። ያለፈ ዘመኑን ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ከትዝታ የተሻለ ምን ስንቅ አለ?

ዜማውን የደረሰው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። በብሪታንያና በአሜሪካ ሙዚቃ ተማረ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ጥቁር አሜሪካውያን ከፈጠሩት ከጃዝ ጋር አዋሐደ። ዜማው በሸክላ የተቀረጸው ፊልሙ ከመሠራቱ ከ30 ዓመት በፊት ነው። ባይቀረጽ ኖሮ አዘጋጁ ከየት ያገኘው ነበር?

የእኛም አዝማሪ እነዚህኑ ቅኝቶች በማሲንቆው ይጫወታል። በሠርጋችን ያስጨፍረናል፤ ዘወር ሲል እንንቀዋለን። ይህ ደግ አይደለም። ዜማ መድረስ እውቀት ነው፤ ማሲንቆ መምታትም ሥራ ነው።

እንግዲህ ፊደል ቆጥራችኋል። የደቦውን ዘፈን፣ የሠርጉን ግጥም፣ የአዝማሪውንም ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ያልተጻፈ ዜማ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ጥያቄዎች
1. በፊልሙ ውስጥ ዜማው ለዝምተኛው ሰው ምን ሠራለት?
2. አራቱን ቅኝቶች ጻፉ።
3. በመንደራችሁ ዜማ አዋቂው ማነው? ጠይቃችሁ አንድ ግጥም ጽፋችሁ አምጡ።