ኢንተርኔት በሌለው ሰርቨር ላይ የኮንቴይነር ኢሜጅ መጫን

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ኢትዮጵያ ተቋርጦ ወደ ሦስት ሳምንት ቆይቷል። የሕሙማን ወይም የገንዘብ መረጃ የያዘ ሰርቨር ደግሞ በአዘቦቱም ቀን ከኢንተርኔት ተለይቶ ቢቀመጥ ይመረጣል። አራዳ ውስጥ ከሆናችሁ ቸርችል ጎዳና ካለ ቢሮ ኢሜጁን አውርዳችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለ የሰርቨር ክፍል በእግር ትደርሳላችሁ። የሚጎዳው አንድ ነገር ረስቶ መድረስ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ከመውጣታችሁ በፊት ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልጉትን ኢሜጆች በሙሉ ዘርዝሩ። አፕሊኬሽኑን ይዞ ዳታቤዙን ወይም ሬዲስን መርሳት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ቁርጥ ያለ የቨርዥን ቁጥር ያዙ፤ ‹ሌተስት› የሚለው ታግ ዛሬና ነገ አንድ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ በ‹ዶከር ፑል› አውርዱ። ላፕቶፓችሁ አዲሱ ማክ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የእሱ ፕሮሰሰር አርም ነው፣ ሰርቨሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። ‹ፕላትፎርም› በሚለው አማራጭ የሰርቨሩን ዓይነት ካልነገራችሁት ኢሜጁ ያለ ችግር ይጫንና ሲነሳ ‹ኤግዜክ ፎርማት ኤረር› ብሎ ይወድቃል።

የወረዱትን በ‹ዶከር ሴቭ› ወደ አንድ ታር ፋይል አስቀምጡና በጂዚፕ ጨምቁት። ‹ዶከር ኤክስፖርት› አይሆንም፤ የኮንቴይነሩን ፋይሎች ብቻ አውጥቶ የማስነሻ ትእዛዙን ያስቀራል። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚያልፍ ፋይል ስለማይቀበል ኤክስፋት አድርጉት። የኮምፖዝ ፋይሉንና የታሩን ሻ256 ቁጥርም አብራችሁ ያዙ።

አሁን ዋይፋዩ በተዘጋ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ ሲስተሙን በሙሉ አስነሱት። አፕሊኬሽኑ ሲነሳ ከውጭ ፎንት ወይም ፓኬጅ የሚጎትት ከሆነ የሚጋለጠው እዚህ ነው። እባካችሁ ይህን ፍተሻ አትዝለሉት።

ሰርቨሩ ጋ ስትደርሱ ፍላሹን ለቫይረስ ፈትሹ፣ የሻ256 ቁጥሩን አመሳክሩ፣ የዲስኩንም ቦታ እዩ፤ ታሩና የተጫነው ኢሜጅ ለየብቻ ቦታ ይይዛሉ። ከዚያ ‹ዶከር ሎድ› በሉ፤ የጂዚፑን ፋይል እንዳለ ይቀበላል። ኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ ‹ፑል ፖሊሲ›ን ‹ኔቨር› አድርጉት፤ አለዚያ አንድ ኢሜጅ ሲጎድል ወደ ዶከር ሀብ ለመሄድ ይሞክራል።

ሰርቨሮቹ ብዙ ከሆኑ በእያንዳንዱ ላይ ፍላሽ ከመሰካት የውስጥ ሬጂስትሪ ማቆም ይሻላል፤ የሬጂስትሪው ኢሜጅም በዚያው ፍላሽ ይመጣል። የቀድሞውን ቨርዥን ታር ፋይል አታጥፉ፤ አዲሱ እምቢ ሲል እዚያው ቆማችሁ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ።