ሁለት ቀን በጀጎል፦ ሐረርን ሳይቻኮሉ በእግር ለማየት

ብዙ ጎብኚ ሐረርን በአንድ ቀን ይጨርሳታል። ሙዚየም፣ የራምቦ ቤት፣ የጅብ ትርኢት፣ ከዚያ በሌሊት ወደ ድሬዳዋ። እኔ ግን ሐረርን ለሚወድ ሰው ይህን አልመክርም። በግንቡ ውስጥ ያለው አሮጌ ከተማ ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ብቻ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሁለት ቀን ካላችሁ የጊዜ እጥረት የለባችሁምና ዕቅዳችሁን በቦታ ብዛት ሳይሆን በሰዓት አውጡት፦ ጧት የት፣ ቀትር የት፣ ማታ የት።

ከሁሉ በፊት ማደሪያ ያዙ። ጀጎል ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች ከአያት የወረሱትን ቤት ለእንግዳ ያከራያሉ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ መታጠቢያው የጋራ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። አብዛኛው መተላለፊያ መኪና ስለማያስገባ ዕቃችሁን በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ አድርጉት። አረጋውያን ወይም ሕፃናት ካሉ ከግንቡ ውጭ ያለ ሆቴል ይሻላል።

ዓርብ ከሰዓት ግቡ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን ዳገት ሚኒባስ ያወጣችኋል። ደንገጎን አልፋችሁ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ስትመጡ የድሬዳዋ ሙቀት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለማታ ሹራብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምሽት ለጉብኝት አይሁን። ከሐረር በር ተነሥታችሁ ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ሂዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሳምቡሳ ብሉ፣ በዚያው ተመለሱ። ነገ በጠባቦቹ መንገዶች ስትገቡ የምትመለሱበትን ታውቃላችሁ። ብትጠፉም አትደንግጡ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ መጨረሻው ግንቡ ነው፣ እሱን ስትከተሉም በር ታገኛላችሁ።

ለቅዳሜ ጧት አስጎብኚ ያዙ። ፈቃድና መታወቂያ ያለው፣ የከተማው ተወላጅ ቢሆን ይመረጣል። ክፍያውንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በቀስታ መሄድ እንደምትፈልጉም ንገሩት፤ አለዚያ የለመደውን ረጅም ዙር ያዞራችኋል። ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሩና ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ውረዱ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም በየሱቁ ደጃፍ ተደርድረው ይሠራሉ። ጨርቅ ገዝታችሁ ጧት ብትሰጧቸው ቀለል ያለ ልብስ እስከ ማታ ሊያደርሱላችሁ ይችላሉ፤ እኔ ከተዘጋጀ ማስታወሻ ዕቃ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። መንገዱ ግድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ያወጣችኋል። እዚያ ከሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ያንዣብባሉና በእጃችሁ ሥጋ አትያዙ። ሻጮችን ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እምቢ ካሏችሁም በሳቅ ተቀብላችሁ እለፉ።

ከሙዚየሞች አንዱን ብቻ ምረጡ ቢሉኝ ሸሪፍ ሐረር ሙዚየምን እላለሁ። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና ጎራዴዎች አሉ። ለመጻሕፍቱ ጊዜ ስጡ፤ ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት የታወቀች ከተማ ነበረችና ሽፋናቸውም እንደ ጽሑፉ መታየት አለበት። የራምቦ ቤት በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ቢመጣም በዚህ ቤት መኖሩ አጠራጣሪ ነው። የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ለማየት ግን ግቡ።

ቀትር ላይ አርፉ። በዚህ ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማውም ጫት ለመቃም በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በፀሐይ መንከራተቱ ትርፍ የለውም። ምሳ ብሉና እስከ 10 ሰዓት ተኙ።

ከሰዓቱን ለአንድ የሐረሪ ቤት ስጡት፤ በእኔ እምነት ከሁለቱ ቀናት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በአስጎብኚው በኩል አስፈቅዳችሁ፣ ጫማችሁን በራፍ ላይ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ፊት ለፊት ነደባ የሚባሉ፣ በእርከን ከፍ ዝቅ ያሉ አምስት መቀመጫዎች አሉ፤ የቤቱ ጌታ፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እንግዳው እያንዳንዱ የራሱ ስፍራ አለው። እንዳሻችሁ ከመቀመጥ የት እንደሚገባችሁ የቤቱን እመቤት ጠይቁ። የነደባው ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች ማን እንደሰፋቸው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የእናት ወይም የአያት እጅ ሥራ ናቸውና ወሬው ከዚያ ይከፈታል። ቁጢ፣ ማለት ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ፣ ቢቀርብላችሁ ጠጡ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ ይበላሉ። ቦታውን አስጎብኚያችሁ ያሳያችሁ፤ በባጃጅ ሂዱ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሕፃን ከፊት አታቁሙ። ሥጋውን በአፍ ይዞ ማጉረስ ግዴታ አይደለም፤ ቆም ብሎ ማየትም ይበቃል።

እሁድ ከጧቱ 1 ሰዓት ያለ አስጎብኚ ግንቡን ዙሩ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነፁት አሚር ኑር ናቸው፤ የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። ከፈላና በር ተነሥታችሁ በኤረር፣ በሰንጋና በቡዳ በር በኩል ሸዋ በር ድረስ ብትሄዱ በዝግታም ቢሆን ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ኤረር በር ላይ ቆዩ፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1847 ዓ.ም. የገባው በዚህ እንደሆነ ይነገራል። በግንቡ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎችም ፈልጉ፤ ጅቦች በሌሊት ገብተው ትራፊ የሚለቅሙባቸው ናቸው። በመንገዳችሁ ከ82ቱ መስጊዶችና ከ102ቱ የቅዱሳን መቃብሮች ብዙዎቹን ታያላችሁ። አንዳንዶቹ በቤት መካከል ተሸሽገው በአረንጓዴ ቀለማቸው ብቻ ይለያሉ። ለመግባት ፈቃድ ጠይቁ፤ ሴቶች ሻሽ፣ ሁሉም ረጅም ልብስ ይያዙ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. ሲመዘግብ ከቈጠራቸው ቅርሶች ውስጥ መስጊዶቹና መቃብሮቹ ይገኛሉ።

ጉዟችሁ በእስልምናው የሸዋል ወር ከሹዋሊድ በዓል ጋር ከገጠመ ይህን ዕቅድ ሁሉ ትታችሁ ሌሊቱን ከዝክርና ከከበሮ ጋር እደሩ፤ ማደሪያ ግን ከሳምንታት በፊት መያዝ አለበት።

ስፌትና ቡና የሚገዛው እሁድ ረፋድ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተገዛ ሸክም ይሆናል። ቡናውን እዚያው ሲቆላ ግዙና ሳይፈጭ ውሰዱት። ለበረራችሁ ቢያንስ አራት ሰዓት ሲቀረው ከሐረር ውጡ። ድሬዳዋ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፎች ጥላ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሂዱ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ቦርሳችሁን ለማስቀመጥ ምሳ የምትበሉበትን ቤት ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይሏችኋል።