የአጎቴ ቮልስ፦ ሞተሩ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ባለፈው ግንቦት የመጨረሻ ፈተናዬን በጨረስኩ ማግስት አጎቴ ደወሉ። «ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው አይደል የምትማረው? እስቲ ና ቮልሷን እያት» አሉኝ።

ቮልሷ የ1967 ሞዴል ናት። አጎቴ በሱዳን በኩል አሜሪካ በገቡ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የገዟት የመጀመሪያ መኪናቸው ናት። ለሌሊት ሥራ ተመላልሰውባታል፤ እናቴንም ከኤርፖርት የተቀበሏት በእሷ ነው። አሁን ግን ዳገት ላይ ትደክማለች። አንድ ጋራዥ «ይሄን ሞተር ጣሉት፣ በታደሰ እንቀይረው፣ 5,200 ዶላር» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ «አብሮኝ የኖረ ሞተር አይጣልም» ብለዋል። የመጽሐፍ መግዣዬ የሚወጣውም ከዚሁ ኪስ ስለሆነ ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል።

እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ የወጪ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ያማረ ነበር፤ ግን ሞተሩን ሳልለካ የሞላሁት ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከገጠማችሁ ከዋጋ በፊት መለካት ይቅደም። ሁለቱ ዋና መለኪያዎች ሞተሩ ሳይወርድ የሚሠሩ ናቸው።

አንደኛው የክራንክ ሻፍቱ የፊትና የኋላ ልቅነት ነው። ፑሌው ላይ ዳያል ጌጅ አስጠግታችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ወደ ውጭ ሳቡት። ጤነኛ የቮልስ ሞተር ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ከ0.15 ካለፈ መከፈት አለበት። የእኛ 0.26 አሳየ። ብሮንዚናው ወይም ብሮንዚናው የተቀመጠበት ኬዝ ተበልቷል ማለት ነው። ኬዙ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ግን በዘመን ብዛት ይደበደባል።

ሁለተኛው ኮምፕሬሽን ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ105 እስከ 115 ፒኤስአይ ሰጡ፤ ቁጥር 3 ግን 55 ላይ ቀረ። የተለመደው ምክር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ የሚል ነው። የቮልስ ሲሊንደር የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ከሥር ይጠራቀማልና ብዙ አትመኑት። ይልቅ ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በሚዘጉበት ቦታ አቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ስጡና አዳምጡ። በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻው ነው፤ በካርቡሬተር ከሆነ የመግቢያው ቫልቭ፣ በጭስ ማውጫ ከሆነ የመውጫው ቫልቭ። የእኛ በጭስ ማውጫው በኩል አፏጨ። (እኔ ፒስተን ሪንግ ስል እሳቸው ፋሻ፣ እኔ ሲሊንደር ሄድ ስል እሳቸው ቴስታታ። ጣሊያን ለአዲስ አበባ ጋራዦች የተወውን ቋንቋ የተማርኩት አሜሪካ ነው።)

ቁጥር 3 መጎዳቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በድሮዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ቁጥር 3 የሚደርሰው ቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ያወጣው በ1971 ሞዴል ነው።

ሞተሩን ስናወርድ ከጄነሬተሩ መቆሚያ ሥር ያለውን ቁጥር ጠረግኩት። ለአሜሪካ የተሠራው የ1967 ቮልስ 1500 ሞተር ቁጥሩ «ኤች» በሚለው ፊደል ይጀምራል። የእኛ «ኤኢ» ይላል፤ የ1971 አካባቢ 1600 ሞተር ነው። ሲከፈት ለካሁት፦ የሲሊንደሩ ስፋት 85.5 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 69፣ በአራት ሲሊንደር ሲሰላ 1,584 ሲሲ። የ1500ው ስፋት 83 ነው። ከአጎቴ በፊት የነበረ ባለቤት ሞተሩን ቀይሮ፣ አሮጌውን ቆርቆሮና ማቀዝቀዣ መልሶ ገጥሞበት ኖሯል።

አጎቴ ጨርቁን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ።

«እንግዲያው ተቀይሮ ነው የመጣልኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት።»

«አርባ ዓመት ያመላለሰኝ ግን ይኸው ነው፣ አይደል?»

ነው አልኳቸው።

«ኦሪጅናል ነው፣ ለሰብሳቢ ዋጋ ይጨምራል» የሚለው ክርክሬ በዚሁ አበቃ። የቀረው ኬዙ ይድናል ወይ የሚለው ነበር። ማሽን ሾፕ ወስደን አስለካነው። ከቁጥር 3 ኋላ ስንጥቅ የለም፤ የብሮንዚና መቀመጫዎቹ ተደብድበዋል፣ ግን ከዚህ በፊት አልተነኩም። አንድ ጊዜ በመስመር አስፍቶ ወፈር ያለ ብሮንዚና መግጠም ይበቃል። ስንጥቅ ቢገኝ ወይም ደጋግሞ የሰፋ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ ይቀየር እል ነበር።

ጋራዡንም መልሼ ጠየቅኩ፦ «የታደሰው» ሞተር ኬዙ አዲስ ነው ወይስ የሰፋ አሮጌ? ስንት ጊዜ ሰፍቷል? የሚያውቅ አልተገኘም። ከጠሩት ዋጋ ውስጥም ካርቡሬተሩ፣ ጄነሬተሩና ቆርቆሮው አልነበሩበትም።

ስለዚህ ኬዙንና ክራንክ ሻፍቱን እናድሳለን። ቴስታታዎቹን፣ ፒስተኖቹንና ሲሊንደሮቹን በአዲስ እንቀይራለን። ማቀዝቀዣው ከነቆርቆሮው በኋለኛው ዓይነት ይተካል፤ ይህ ካልሆነ አዲሱም ቫልቭ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ለመለዋወጫና ለማሽን ሾፕ 2,450 ዶላር ደርሷል፤ ጉልበቱ የእኔና የአጎቴ ቅዳሜዎች ናቸው። ኬዙ ገና አልተመለሰም። አጎቴ በየማታው እየደወሉ «ምን አሉ?» ይሉኛል።