በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሙቀት ምን ይሠራል?

የገብስ ፍሬ ሆዱ የተሞላው በስታርች ነው። እርሾ ግን አልኮል የሚያወጣው ከስኳር እንጂ ከስታርች አይደለም። የቢራ ጠማቂ የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ነው። ዘዴውን ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል፤ ብቅል ነው።

ገብሱ ውሃ ሲጠጣ ለመብቀል ይነሣል፤ ቡቃያውን ሊመግብም ስታርች የሚፈቱ ኢንዛይሞች ያዘጋጃል። ብቅል አምራቹ ለጥቂት ቀናት ካቆየው በኋላ፣ ቡቃያው ስታርቹን በልቶ ሳይጨርስ በሞቃት አየር ያደርቀዋል። በገብስ አገር በአርሲ፣ አሰላ ላይ ያለው የብቅል ፋብሪካ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ቢራ ፋብሪካ ሲደርስ ብቅሉ ተከክቶ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል። የጠመቃ ጥበብ እምብርቱ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አንዱ ኢንዛይም ስታርቹን ከጫፍ እየቆረጠ እርሾ የሚበላው ስኳር ያወጣል። ወደ 72 ሲጠጋ ሌላው ይበረታል፤ እሱ የሚቆርጠው ከመሐል ስለሆነ እርሾ የማይደፍራቸው ትልልቅ ቁራጮችም ይተርፋሉ። ጠማቂው ዝቅ ባለው ሙቀት ብዙ ከቆየ ቢራው ቀለል ያለና አልኮሉ የበረታ ይሆናል፤ ከፍ ባለው ከቆየ አፍ የሚሞላ ይሆናል። 78 ገደማ ሲደርስ ሥራው ያበቃል።

በጠላ ጋን ውስጥ ስታርቹ መፈታቱና እርሾው መሥራቱ አንድ ላይ ይካሄዳሉ፤ የየቤቱ ጠላ የየራሱ ጣዕም ያለውም በከፊል ለዚህ ነው። ፋብሪካ ሁለቱን ይለያያል። ጣፋጩ ፈሳሽ ከአተላው ተጣርቶ ይፈላል፤ በጌሾ ፋንታ ሆፕስ ይገባበታል። የሆፕስ ምሬት በቀላሉ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ኃይለኛ ሙቀት ለረዥም ጊዜ ቅርጹን ሊለውጠው ይገባል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. በተመሠረተባት አዲስ አበባ ከከፍታዋ የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በክፍት ጋን ሲፈላ ምሬቱ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ጠማቂው ወይ ጊዜ፣ ወይ ሆፕስ መጨመር አለበት።

ከዚያ ፈሳሹ ቀዝቅዞ እርሾ ይጨመርበታል። ድሮ የማይፈለጉ እርሾዎች ተቀላቅለው ቢራውን ያበላሹት ነበር። በ1883 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን አንድ ነጠላ ሕዋስ ለይቶ ንጹሕ እርሾ አራባ። ላገር የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾ በ10 ዲግሪ አካባቢ ሳምንት ያህል ሲሠራ የቅቤ ሽታ ያለው ነገር ያወጣል፤ ጊዜ ከተሰጠው ግን መልሶ ራሱ ያጠፋዋል። የተቻኮለ ፋብሪካ ሽታውን ለጠጪው ይተወዋል።

በመጨረሻ ጠርሙሱ 60 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ የተረፉት ተሕዋስያን ሞተው ቢራው ሩቅ አገር መሄድ ይችላል። ድራፍት ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሙቀት አያይም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ቶሎ መጠጣት ያለበትም ለዚህ ነው።