ከአዲስ አበባ ጋምቤላ በሚደርስ ረጅም የፋይበር መስመር የኳንተም ስሌት ለምልክት ልየታ ያለው ፋይዳ

በመቱና በጎሬ በኩል የሚወርደው መንገድ ባሮ ዳር ካለችው ጋምቤላ ከተማ እስኪደርስ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ርቀት ለስሌት መነሻ ቢወሰድ፣ በ1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት የተለመደ ፋይበር በየኪሎ ሜትሩ 0.2 ዴሲቤል ገደማ ስለሚያባክን ጠቅላላ ብክነቱ 140 ዴሲቤል ይሆናል። በየ80 ኪሎ ሜትሩ የሚተከሉ ማጉያዎች የጠፋውን ኃይል ይመልሳሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማጉያ የራሱን ረብሻ ስለሚጨምር ሸክሙ በመስመሩ ጫፍ ባለው ተቀባይ ላይ ይከማቻል።

በዚህ ላይ የብርሃን ምት መለጠጥ ይታከላል። መጠኑ ለአንድ ናኖ ሜትር ስፋት በየኪሎ ሜትሩ 17 ፒኮ ሰከንድ ነው። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት የሚልክና 0.1 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው ምልክት 700 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ወደ 1190 ፒኮ ሰከንድ ይለጠጣል። የአንድ ቢት ዕድሜ 100 ፒኮ ሰከንድ ብቻ በመሆኑ አንዱ ምት ከ12 ያህል ቢቶች ጋር ይደራረባል። ይበልጥ ሊሆን የሚችለውን የቢት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ የሚፈትሽ ተቀባይ እንግዲህ 4096 አማራጮችን ማመዛዘን አለበት።

ሎቭ ግሮቨር በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የኳንተም ፍለጋ ስልት እርምጃዎቹን ወደ አማራጮቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ያወርዳል፤ 4096ቱ በ50 ዙር ገደማ ይፈተሻሉ። ዝቅተኛውን ስህተት ለማግኘት ክሪስቶፍ ዱርና ፒተር ሆየር ያስፋፉት ስልት ዙሩን ቢጨምርም የዕድገቱን ሥርዓት አይለውጥም። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የላዮስ ሃንዞ ቡድን ይህንኑ መንገድ ለገመድ አልባ ተቀባዮች መርምሮታል።

የወረቀቱ ትርፍ ግን ከሰዓት ጋር ይጋጫል። በሱፐርኮንዳክተር ኩቢቶች ላይ አንድ የሁለት ኩቢት ክንውን አሥር ቤት ናኖ ሰከንዶችን ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቢቶች ያልፋሉ፤ አንዱ ዙር ደግሞ ብዙ ክንውኖችን ይጠይቃል። ከዚህም በላይ መለጠጡን ብቻውን ለማረም ኳንተም አያስፈልግም፤ የኮኸረንት ተቀባይ ዲጂታል ማጣሪያ ያስተካክለዋል። ለኳንተም ፍለጋ የተሻለው መስክ ማጣሪያው የማይደርስበት፣ የኬር ክስተት ከማጉያ ረብሻ ጋር ተደባልቆ የሚፈጥረው መዛባት ነው፤ ያውም ተቀርጾ በኋላ በሚተነተን ምልክት ላይ።

ይህን ለመፈተን የኳንተም ማሽን መጠበቅ ግዴታ አይደለም። የ12 ኩቢት ሙሉ ሁኔታ 4096 ውስብስብ ቁጥሮች ነው፤ እያንዳንዱ 16 ባይት ቢይዝ በድምሩ 64 ኪሎ ባይት ይሆናል፤ ጋምቤላ ያለ ተመራማሪ በተራ ላፕቶፕ ሊያስመስለው ይችላል።