ፓንኬክን በኦቭን መጋገር፤ ምግቡ፣ ሳይንሱና ለክፍል ያለው ጥቅም

መግቢያ

እንደሚታወቀው ፓንኬክ ማለት ከዱቄት፣ ከወተትና ከእንቁላል በቀጭኑ ተበጥብጦ፣ በመጥበሻ ላይ እየተገላበጠ የሚጋገር ለስላሳ ቂጣ ነው። በከተሞቻችን ቁርስ ቤቶች ከማር ጋር ሲቀርብ ያየነው ብዙ ነን። ይኸው ሊጥ አንድ በአንድ ከመጋገር ይልቅ ባንድ ጊዜ በትሪ ተገልብጦ ኦቭን ውስጥ ሊገባ መቻሉ ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አልተለመደም። በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይም በፊንላንድና በስዊድን፣ ይህ የየቤቱ ተራ ምግብ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ "አስተማሪ ልንሆን ነው የመጣነው ወይስ ወጥ ቤት ልንከፍት?" ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ቀላል ምግብ ሁለት ትምህርት ይዟል። አንደኛው የሳይንስ ነው፤ ይኸውም ሙቀት ከአንድ ወገን ሲመጣና ከሁሉም ወገን ሲመጣ በሊጡ ላይ የሚያሳየው ልዩነት። ሁለተኛው የቤተሰብ ነው፤ ይኸውም ሌላው ሲበላ እሳት ዳር ቆሞ የሚቀረው ማነው? የሚለው። ሁለቱንም በተራ እንመለከታለን።

1ኛ/ ምግቡ የት ይበላል?

ፊንላንዶች "ፓኑካኩ" ይሉታል፤ ትርጉሙም የመጥበሻ ኬክ እንደ ማለት ነው። ስዊድኖች "ኡንስፓንካካ" ይላሉ፤ የኦቭን ፓንኬክ ማለት ነው። በሁለቱም አገሮች ሐሙስ ቀን የአተር ሾርባ በልቶ ፓንኬክ ማስከተል የቆየ ልማድ ነው። የሐሙስ ሾርባ የመጣው ድሮ ካቶሊኮች በነበሩበት ዘመን ለዓርብ ጾም ዋዜማ ጠግቦ ለማደር ነው ተብሎ ይነገራል። ረቡዕና ዓርብን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ለመረዳት አያስቸግርም።

ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በፊንላንድ ይኸው የአተር ሾርባና የኦቭን ፓንኬክ በትምህርት ቤትና በጦር ሠራዊት ምግብ ቤት ሐሙስ ሐሙስ የሚቀርብ ነው። ፊንላንድ ለተማሪዎች ሁሉ ነፃ ምሳ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ሕግ አውጥታ ከ1948 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። እንግዲህ ለሦስት መቶ ተማሪ ፓንኬክ በመጥበሻ አንድ በአንድ እየገለበጠ ማን ይዘልቀዋል? በትልልቅ ትሪ አፍስሶ ኦቭን ውስጥ አስገብቶ እንደ ድፎ ቆራርጦ ማደል ነው እንጂ!

የዚህ ምግብ ዘመዶች በሌላም አገር አሉ። በእንግሊዝ "ዮርክሻየር ፑዲንግ" የሚባለው ከዚሁ ዓይነት ሊጥ የሚጋገር ሲሆን፣ ሐና ግላስ የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1747 ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩን በዚሁ ስም አስፍራዋለች። በባልቲክ ባሕር ላይ ያሉት የኦላንድ ደሴቶች ሰዎች ደግሞ ገንፎ ቀላቅለው ሔል ይጨምሩበታል። ሔል የኮረሪማ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው። ስለዚህ ኮረሪማ ጣል ብናደርግበት ከባሕሉ ብዙም አልወጣንም።

2ኛ/ አሠራሩ

ለአምስት ሰው ገደማ የሚበቃ። መለኪያው 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ነው።

- እንቁላል 3
- ወተት 3 ብርጭቆ
- የፉርኖ ዱቄት 1 ብርጭቆ ተኩል
- ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ (ለጋ ቢሆን ይመረጣል፤ የተነጠረና ቅመም ያለው ከሆነ ጣዕሙ ይለወጣል)

ወተቱ የዱቄቱ እጥፍ መሆኑን አስተውሉ። ሰው ሲበዛ ይህንኑ ንጽጽር ይዞ ማብዛት ይቻላል። ለሒሳብ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሀ/ ኦቭኑን አስቀድሞ ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ።

ለ/ ዱቄቱንና ጨውን በግማሹ ወተት መምታት። ወተቱ ባንዴ ከተገለበጠበት ጓጓላ ይይዛል። ይህን እናቶቻችን አጥሚት ሲሠሩ በደንብ ያውቁታል፤ ዱቄቱን መጀመሪያ በጥቂት ውሃ ነው የሚበጠብጡት። ጓጓላው ሲጠፋ የቀረውን ወተት፣ ቀጥሎም እንቁላሉን ጨምሮ መምታት።

ሐ/ ሊጡን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማሳረፍ። ዱቄቱ በዚህ ጊዜ ፈሳሹን በሚገባ ይጠጣል።

መ/ ጠርዙ ከፍ ያለ የብረት ትሪ ወይም እጀታው የማይቃጠል ጎድጓዳ መጥበሻ ከነቅቤው ኦቭን ውስጥ አስገብቶ ቅቤው እስኪቀልጥ መጠበቅ። ቅቤው እንዳያርር መከታተል ያስፈልጋል።

ሠ/ የጋለውን ትሪ አውጥቶ ሊጡን ቶሎ ማፍሰስና መልሶ ማስገባት። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በሩን አለመክፈት! ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ረ/ ጠርዙ ተነፍቶ ላዩ ቡናማ ሲሆን አውጥቶ ቆራርጦ ማቅረብ። ፊንላንዶች በእንጆሪ ማርማላታ፣ ስዊድኖች ሊንጎን በሚባል ቀይ የጫካ ፍሬ ይበሉታል። እኛ ዘንድ ማር አለ። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስላለው የፍስክ ምግብ መሆኑ አይዘንጋ።

3ኛ/ ያለ እርሾ ለምን ይነፋል?

እንጀራ ዓይን የሚያወጣው በእርሾ ነው። በሊጡ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ ጋዙም ሊጡ ምጣድ ላይ ሲፈስ እየፈነዳ ይወጣል። በኦቭን ፓንኬክ ውስጥ ግን እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም የለም። ታዲያ ምን ያነሣዋል?

መልሱ ውሃ ነው። ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህል ውሃ ነው፤ እንቁላልም ከመቶ 75 እጅ ገደማ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ሊጡ የጋለውን ብረት እንደ ነካ የታችኛውና የዳር ዳሩ ውሃ ይተንናል፤ እንፋሎቱም መውጫ ፍለጋ ሊጡን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከመሐሉ ይልቅ ጠርዙ ቀድሞ የሚነሣው ለዚህ ነው። ትሪውን አስቀድሞ ማጋል ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

እንፋሎት ብቻውን ግን ሽቅብ ወጥቶ ይጠፋል። የሚይዘው ግድግዳ ያሻል። ግድግዳው እንቁላሉ ነው። የእንቁላል ፕሮቲን ብቻውን ከ60 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ በወተት ሲቀጥን ግን ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ዱቄቱም ውሃ ጠጥቶ ያግዘዋል። ግድግዳው ሳይረጋ በሩ ቢከፈት ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ እንፋሎቱም ተመልሶ ውሃ ይሆንና ፓንኬኩ ይሟሽሻል። በሩን አትክፈቱ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለወግ አይደለም።

ከኦቭን ሲወጣስ? ያን ጊዜም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንፋሎቱ ስለ ቀዘቀዘ ነው።

ላዩ ቡናማ የሚሆነው እንዴት ነው? ውሃ እስካለበት ድረስ የሊጡ ሙቀት ከውሃ መፍያ ነጥብ እምብዛም አያልፍም። ላዩ ግን ሲደርቅ ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ፕሮቲኑና ስኳሩ ተዋሕደው ቡናማውን ቀለምና ጥሩውን ሽታ ይፈጥራሉ።

ለደጋ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የውሃ መፍያ ነጥብ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በደጋ ውሃው ቀደም ብሎ ይተንናል፤ ምግቡም ቶሎ ይደርቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ በመስታወቱ እያዩ መከታተል ይበጃል።

4ኛ/ ሰዓቱና የምትጋግረዋ

አሁን ወደ ሁለተኛው ትምህርት እንምጣ። ከላይ የተሰጠው ሊጥ በመጥበሻ ቢጋገር 12 ያህል ፓንኬክ ይወጣዋል። አንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ 36 ደቂቃ ነው። በኦቭን ደግሞ 30 ደቂቃ፤ ማሞቂያው ሲጨመር ከ40 ደቂቃ ያልፋል። እንግዲህ በሰዓት ብቻ ስናሰላው ኦቭን ምንም አላተረፈም፤ እንዲያውም ጨመረ!

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በመጥበሻ ሲጋገር 36ቱም ደቂቃ አንድ ሰው ቆሞ የሚያፈስበት፣ የሚገለብጥበትና የሚያወጣበት ነው። የመጀመሪያውን ፓንኬክ ትንሹ ልጅ በትኩሱ ይበላል፤ የመጨረሻው ሲወጣ ሌላው ጠግቦ ተነሥቷል። የጋገረችው እናት ወይም ታላቅ እህት ብቻዋን፣ ብዙ ጊዜም የተረፈውን ቁርጥራጭ ትበላለች። በኦቭን ሲጋገር ግን ሊጡ ከገባ በኋላ እጅ አይፈልግም። በዚያ ጊዜ መቀመጥ፣ ልጅን የቤት ሥራ ማሳየት ወይም ማንበብ ይቻላል። ምግቡም ባንዴ ስለሚደርስ ሁሉም ባንድ ገበታ ይቀርባል። ስለሆነም ኦቭን ያሳጠረው ሰዓቱን ሳይሆን ሰው እሳት ዳር የሚቆምበትን ጊዜ ነው።

ይህን ለአስተማሪ የሚያስፈልግ ጉዳይ የሚያደርገው ምንድነው? አንዲት ተማሪ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ስትመጣ "ሰነፍ ናት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ማታ ማን ምጣድ አጠገብ እንዳመሸ መጠየቅ ግን የአስተማሪ ሥራ ነው። በፊንላንድ የባልትና ትምህርት በ7ኛ ክፍል አካባቢ ለወንዱም ለሴቱም ግዴታ ነው፤ ወንዱም ይጋግራል፣ ሳህንም ያጥባል። እኛም ስናስተምር "ሴቶች ወደ ምድጃ፣ ወንዶች ወደ ወንበር" ካልን ሳይንሱን አስተምረን ዋናውን ነገር አበላሸን ማለት ነው። ኦቭን ያስረፈውን ጊዜ ሌላ ሥራ ጭነን ከወሰድንባትም ምን ዋጋ አለው?

እውነቱን ለመናገር ኦቭን ወጪም አለው። ብዙዎቹ የቤት ኦቭኖች 2 ኪሎዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ይስባሉ። ለአንድ ሰው ፓንኬክ ኦቭን ማጋል ብክነት ነው፤ ለአንድ ሰው መጥበሻ ይበልጣል። ለአምስትና ለስድስት ሰው ሲሆን ግን ያዋጣል። ፓንኬኩ ሲወጣ በቀረው ሙቀት ዳቦ ማድረቅ ወይም ቀጥሎ ሌላ ነገር መጋገር ጥሩ ቁጠባ ነው።

5ኛ/ ኦቭን በሌለበት

አብዛኞቻችን በምንመደብበት ትምህርት ቤት ኦቭን ላይኖር ይችላል። የኦቭን ሐሳብ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ሲጋገር እሳት ከታችም ከላይም ይደረግለታል፤ ፍሙ በብረት ክዳን ላይ ይቀመጣል። ከሁሉም ወገን መጋገር ማለት ይኸው ነው። እንጀራ ላይ የሚደፋው አክንባሎም ቢሆን የራሱ ጥበብ አለው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ ሳይገለበጥ ላዩን ያበስለዋል። ነገር ግን ሙቀቱ እርጥብ ስለሆነ ላዩን ቡናማ አያደርገውም። ድፎ ላይ ያለው ፍም ግን ደረቅ ሙቀት ስለሚሰጥ ያቀላዋል።

6ኛ/ ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ዓላማ፦ ተማሪዎች ሙቀት ከታች ብቻ ሲመጣና ላዩ ሲከደን ያለውን ልዩነት እንዲያዩ።

መሣሪያ፦ ሁለት እኩል መጥበሻ፣ አንድ ክዳን፣ ሁለት እኩል እሳት፣ ከላይ የተጻፈው ሊጥ ሲሶው፣ ሰዓት።

ቅደም ተከተል፦ በሁለቱም መጥበሻ እኩል ሊጥ ማፍሰስ፤ አንዱን መክደን፣ ሌላውን ክፍት መተው፤ ሁለቱንም አለመገልበጥ። የየትኛው ላይ ቀድሞ እንደረጋ ሰዓቱን መመዝገብ። ክዳኑን ገልብጦ የተጠራቀመውን ውሃ ማሳየት። ሥራውን ወንድና ሴት ተቀላቅለው በቡድን እንዲሠሩት ማድረግ። በመጨረሻም ቆራርጦ ለሁሉም ማደል፤ ሙከራው ተበልቶ የሚያልቅ ከሆነ ተማሪ አይረሳውም!

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የኦቭን ፓንኬክ ዱቄት፣ ወተትና እንቁላል ብቻ ነው። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያነሣዋል፤ እንቁላሉ ረግቶ ይይዘዋል፤ ከዙሪያው የሚመጣው ሙቀት ደግሞ የሚገለብጠውን እጅ ይተካል። አስተማሪ ይህን ሲያስተምር ሙቀቱንም፣ የምትጋግረዋንም አብሮ ማየት ይኖርበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ትሪው ሳይግል ሊጡ ቢፈስ ጠርዙ ምን ይሆናል? ለምን?
2. እንቁላሉ ከሦስት ወደ አንድ ቢቀነስ ፓንኬኩ ይነፋል?
3. በአክንባሎና በድፎ ክዳን መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው?
4. በቤታችሁ መጨረሻ የሚበላው ማነው? ይህን ለመለወጥ ኦቭን የግድ ያስፈልጋል?

መልስ ያላችሁ ዕጩ መምህራን ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ሥር ለጥፉ። መምህሮቻችንም የጎደለውን እንዲያርሙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።