የአል-ጣኢፍ ገንዘብና የልጄ ጥርስ

«ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ልጄን ዓመት ሳይሞላት መተሐራ እናቴ ዘንድ ትቻት ነበር የሄድኩት። በ2015 የቀዳም ሥዑር ዕለት ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ተመለስኩ። አሁን 14 ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ በልዘዋል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ፎቶ ስንነሳ ከንፈሯን ትገጥማለች። የአሠሪዬ ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ጥርሷን በነጭ ነገር አስለብሳ አይቻለሁ፣ ያምራል። ያጠራቀምኩት ትንሽ ገንዘብ አለኝ። እናቴ ‹እግዜር የሰጣትን ጥርስ ምን ያስነካካሻል?› ትለኛለች። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ‹የፊቶቹን ሞርደን ሴራሚክ እናልብሳት› አሉኝ። ባልሄድ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ልጀምር። የልጅሽ ጥርስ የበለዘው አንቺ ስለሄድሽ አይደለም፤ ከውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራው ዐለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በመተሐራ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ከዚያ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች ሞልተዋል። ፍሎራይዱ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዘው ልባሱ፣ ማለትም የጥርሱ የላይ ሽፋን፣ በሚሠራበት ጊዜ ነው። የቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ልባስ የሚሠራው ደግሞ በሕፃንነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ነው። ያን ጊዜ አጠገቧ ብትሆኚም የምታጠጫት ያንኑ ውሃ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህ ውሃ ከጥርስ አልፎ አጥንት እንደሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጽፈዋል። ስንት ምሁር የደከመበትን የውሃ ጣጣ አንቺ ብቻሽን አትሸከሚው።

ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ቀለሙ የመጣው ከጉድጓድ ነው። በ14 ዓመት አፍን ሳይሸፍኑ መሳቅ መፈለግም ቅንጦት አይደለም። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ግን መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ጠይቂያት። ጥርሷን ለማሠራት የምትፈልገው እሷ ናት ወይስ አንቺ? የአል-ጣኢፍን ዓመታት በጥርሷ ልትክሻት እየሞከርሽ ከሆነ፣ እሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። «አልፈልግም» ካለች ገንዘቡ ይቀመጥ።

«እፈልጋለሁ» ካለችሽ፣ ሴራሚኩን እምቢ በይ። በዚህ ዕድሜ የጥርስ ነርቭ ያለበት ክፍል ገና ሰፊ ነው፤ ሲሞረድ ሊነካ ይችላል። የተሞረደ ልባስ ተመልሶ አያድግም። ድዷም ገና ቦታውን አልያዘም፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሴራሚኩ ጠርዝ ይታያል። ዕድሜ ልኳን እየተቀየረ የሚኖር ነገር በ14 ዓመቷ ለምን ይጀመር?

የአሠሪሽ ልጅ ያሠራችው ምናልባት ቦንዲንግ የሚሉትን ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ገጽ በአሲድ ትንሽ ያሻክርና ኮምፖዚት የተባለውን ነጭ ሙሌት ለጥፎ በሰማያዊ ብርሃን ያደርቀዋል። ጥርሱ ብዙም አይሞረድም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ መርፌም አያስፈልግም። ለታዳጊ የምመርጠው ለዚህ ነው። ችግሩ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጫፉ ይሰበራል፣ የቡናና የሻይ ቀለም ይይዛል፤ በበለዘ ጥርስ ላይ ደግሞ እንደ ጤነኛው አጥብቆ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ይህን ጠይቂ፦ «ብልዘቱ ከላይ ከላይ ከሆነ መጀመሪያ በአሲድና በዱቄት ፈግፍጋችሁ ማሳሳት አትችሉም?» አንዳንድ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል። ካልበቃም የሚለጠፈው ይቀንሳል። ድዷ የሚደማ ከሆነ እሱ ይቅደም።

ቤት ውስጥ በከሰልና በሎሚ እንዳትፈትጊያት፤ ቀለሙ ከልባሱ ውስጥ ስለሆነ አይለቅም፣ የምትጎጂው ልባሱን ነው። ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙናም አትከልክያት። የፊት ጥርሶቿ ልባስ ተሠርቶ አልቋል፤ አሁን ሳሙናው አያበልዛትም፣ ከመቦርቦር ይጠብቃታል።

ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታውጪው። ሁለት ክሊኒክ አሳዪ፤ ሲሰበር የሚጠግኑት በስንት እንደሆነም ከመጀመሩ በፊት ተነጋገሪ፣ ለዚያም የተወሰነውን አስቀምጪ። እናትሽ ቤት ሌላ ሕፃን ካለ ደግሞ ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ የሚጠጣው ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ይሁን።